መንገዱ ያለቀ ጊዜ

አባቴ በቅሎዎቹን የሸጠ ሰሞን እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችውም።

ሲራራ ነጋዴ ነበር። ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈራችን ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ባቲ ይወርድና ከአፋሮቹ አሞሌ ጨው ተቀብሎ ወደ ደጋው ይመለሳል። ጨዉን ለኩታበርና ከዚያም ወዲያ ላሉ ገበሬዎች ያዳርስና ገብስና ባቄላ ጭኖ ይመጣል። አባቱም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ ነው የሞተው። ንግዱ አያድግም፣ አይከስምም። አንዲት በቅሎ ስታረጅ ሌላ ትተካለች፤ ዘንድሮ እንዳምናው፣ አምናም እንደ ካቻምናው ነበር። ያን ጊዜ ይህን እንደ ጉድለት የቆጠረው ሰው ትዝ አይለኝም።

ጣሊያን ገብቶ የመኪና መንገዱን ሲጀምር፣ አባቴ አንድ ቀን ሐረጎ ዳገት ላይ ቆሞ ካሚዮን ሲወርድ አየ። የእሱ በቅሎዎች በወር የሚያመላልሱትን ጭነት ያ ካሚዮን በአንድ ጠዋት ይዞት አለፈ። ቤት እንደገባ ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ ለእናቴ፣ «የበቅሎ ነገር አበቃ» አላት።

«ካሚዮኑ የእርስዎ ነው?» አለችው።

«የእኔማ ከየት መጥቶ።»

«እንግዲያ የሰው ካሚዮን ስላለፈ የራስዎን በቅሎ ይሸጣሉ?»

እሱ ግን ቆርጦ ነበር። ዘጠኙንም ሸጠና ኮምቦልቻ፣ ከመንገድ ሠራተኞቹ ማደሪያ ካምቦ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ዳር ቦታ ይዞ አራት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ለሾፌሮችና ለቀን ሠራተኞች የሚከራይ ነበር። እናቴ ኩርፊያዋን ይዛ ወረደች። እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከእሷ ጋር ወጥ እሠራለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ የተከራዮቹን አልጋ አነጥፋለሁ።

የጠላት ሥራ ነው ብለው እግራቸውን ያላነሱ ሰዎች ነበሩ። አንድ የሰፈራችን ሼህ አባቴን መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ለማን ነው የምትገነባው?» ብለው ጠይቀውታል። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሆኖም የቀን ደመወዝ የሚባል ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅምና ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወረደ። ከቃሉ፣ ከየጁ፣ ከላስታ፣ ከወረኢሉ ጭምር። ጠዋት ያልነበረ ሱቅ ከሰዓት ተከፍቶ ይገኛል። ፉርኖ ዳቦ ጋጋሪው ሁለተኛ ምድጃ ጨመረ። አባቴ አራቱን ክፍል ስምንት አደረገ፣ ስምንቱ ሲሞላ ደግሞ ከጓሮ ሌላ ረድፍ ጀመረ። እናቴ አንድ ጊዜ፣ «ይብቃን» ስትለው፣ ቃሉ በሌላ ቋንቋ የተነገረው ይመስል ትክ ብሎ አያት።

በዚያው ዓመት ከሆጤ ሽማግሌ ተላከብኝ። ልጁ ልብስ ሰፊ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ልቤም አይጠላውም። አባቴ ሽማግሌዎቹን በክብር አብልቶ፣ «ለከርሞ ብትመጡ» ብሎ ሸኛቸው። እናቴ፣ «ምነው?» ስትለው፣ «ለከርሞ የተሻለ ይመጣል» አላት። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ለከርሞ ነበር። ለከርሞ ልጁ ሌላ አግብቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባቴ ኩታበር ላይ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ እኛ እስላም ነን፣ እሱ ክርስቲያን ገበሬ ነው። እኔ «አያ» ነበር የምለው። አባቴ ጨው ይዞ ሲያልፍ የሚያድረው እሱ ቤት ነው። ለአባቴ የሚሆን ለብቻው ድስት ነበራቸው፤ በበዓል ቀን ከደረሰ ደግሞ አያ ሙክቱን አውጥቶ ቢላውን ለአባቴ ይሰጠዋል፣ በራሱ እጅ እንዲያርድ። አባቴም በተራው ለፋሲካ ቅቤና በርበሬ አያስቀርበትም። ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ሕፃን ነበር የሚሳሳቁት።

አያ ከመኸር በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። «ለሁለት ወር ነው» አለ። አንዲት ላም የምትገዛበት ሲያገኝ ሊመለስ። ካምቦው ውስጥ ድንጋይ መፍለጥ ጀመረ፣ ማደሪያው ከእኛ ዘንድ ሆነ። ከሥራ ሲመለስ ፊቱ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር በድንጋይ ዱቄት ነጭ ይሆናል። ውሃ ሳቀርብለት፣ «አየሽ፣ ዱቄት ነጋዴ ሆንኩልሽ» ይለኛል። ከታጠበ በኋላ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ አባቴ ለሚሠራው አዲስ ረድፍ ጭቃ ያቦካል፣ እንጨት ያቆማል። አባቴ ለዚህ የሚከፍለው ነገር የለም፤ አያም አይጠይቅም። ሁለት ወሩ አራት ሆነ፣ አራቱ ስድስት።

ግንቦት ውስጥ አንዲት ሴት በር ላይ መጣችብኝ። ከኩታበር ነው የመጣችው፣ በርበሬ ልትሸምት። የአያን መልክ ነገረችኝና፣ «እዚህ ነው የሚያድረው አሉኝ» አለች።

«አዎ፣ ሥራ ላይ ነው። ምን ልበልልሽ?»

«ሚስቱ ናት የላከችኝ። ‹ሰኔ ሳይገባ ይምጣ። መሬቱ ጦሙን ነው። በሬዎቹን በድርቆሽ ይዤለታለሁ፤ ካልመጣ ግን ለብቻዬ አልችልም› ብላለች በይው። አደራ ልጄ።»

«እሺ እናቴ» አልኳት።

መጀመሪያ ያገኘሁት አባቴን ነው። ከጓሮ መሰላል ላይ ቆሞ ማገር ይመታ ነበር። ነገርኩት። መዶሻውን አቆመና፣ «ለእሱ ነገርሽው?» አለኝ።

«ገና ነኝ።»

«ቆይ፣ እኔ እነግረዋለሁ። ይህን ግድግዳ ሳንጨርስ ከሄደ ማን ያግዘኛል? አንድ ሳምንት ቢቆይ ነው። አንቺ ዝም በይ።»

ዝም አልኩ።

ሳምንቱ አለፈ። ሰኔ ሊገባ ሲል አባቴን ለብቻው አግኝቼ፣ «ነገሩት?» አልኩት። «የቀን ደመወዝ የለመደ ሰው ተመልሶ ሞፈር ይጨብጣል? ለእሱም ብዬ ነው። ለከርሞ ሁለት ጥማድ በሬ ገዝቶ ይገባል ኢንሻአላህ» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚናገረውን ያምን ነበር፤ የባሰው ይኸው ነው። እኔም በየማታው ለአያ ራት አቀርባለሁ፣ እጁን አስታጥባለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትም። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ቢለኝስ እላለሁ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት ዝናብ ያዘንና ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር። አያ ሽቅብ በደሴ በኩል እያየ፣ «ደጋው ረክቷል» አለ። ከዚያም ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «አንድ ሰው እንኳ አልላከችብኝም። ተቀይማኝ ይሆናል» አለ። ይህን ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቃል በቃል ነው።

ሥራ በየማለዳው የሚጀመረው በጡሩምባ ነበር። ካምቦው በር ላይ ይነፋና ሰዉ አካፋና መዶሻውን ይዞ ይሰለፋል። ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ ጡሩምባው ሳይነፋ ረፈደ። ሰዉ እንደ ልማዱ ወጥቶ ተሰልፎ ቆመ። ፀሐይ ከፍ ስትል አንድ ጣሊያን አለቃ ከአስተርጓሚ ጋር ወጣና ጥቂት ተናገረ። አስተርጓሚው፣ «መንገዱ አልቋል። ሌላ ሥራ የለም። ወደየቤታችሁ ግቡ» አለ።

ከሰልፉ አንዱ፣ «አልቋል ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አልቋል ማለት አልቋል ነው» አለ አስተርጓሚው። እሱም ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን ተሸክሞ ሲሄድ አየሁት።

ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁኝ ስለ አውሮፕላንና ስለ መድፍ ነው። እኔ የማስታውሰው ከዚያ ሰኞ በኋላ የነበረውን ዝምታ ነው። ሰዉ በመጀመሪያው ሳምንት አልሄደም። ሌላ መንገድ ሊጀመር ነው፣ ከባሕሩ በኩል ገንዘብ እየመጣ ነው ተባለ፤ የሚያወራው ሁሉ ከሌላ ሰው የሰማው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ልብሱን የሚሸጥ በዛ፣ የሚገዛ ግን ጠፋ። ፉርኖ ጋጋሪው አንዱን ምድጃ አጠፋ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውንም። ካሚዮኖቹ ቀነሱ፤ ቤንዚን ለወታደር ብቻ ሆነ አሉ። ቆርቆሮና ምስማር በየደጃፉ ተከምሯል። የጠፋው እህል ነበር፤ አራሹ ሁሉ እኛ ዘንድ ድንጋይ ሲፈልጥ ነው የከረመው። በዚያ ዓመት በሐረጎ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ስንት ማሳ ጦም ማደሩን ይናገር ነበር።

አባቴ አላመነም። ክፍሎቹ አሥራ አራት ደርሰው ነበር። በየማለዳው አንድ በአንድ ይከፍታቸውና ይጠርጋል፣ አልጋዎቹን አስተካክሎ ይዘጋል። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ እንዳጥብ ያዘኛል። እናቴ አንድ ጠዋት መጥረጊያውን ከእጁ ቀማችው። «ለማን ነው?» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱ ባዶ እጁን እያየ ቆሞ ቀረና፣ «ከጥር በኋላ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

አያም አልሄደም። በዚያው ወር ካገሩ የወረደ ሰው፣ ሚስቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ እንደሰጠች፣ አንደኛውንም በሬ እንደሸጠች ነገረው። መልእክቱን ግን ያ ሰው አያውቀውም ነበርና አላነሳም። ያጠራቀማት ገንዘብ ደግሞ ሥራ ከቆመ ወዲህ በምግብ አልቃለች። «ላሚቱን ሳልይዝ፣ መሬቱን ሳላርስ፣ በምን ፊቴ እገባለሁ?» ይል ነበር። ቀኑን ሙሉ ከቦርከና ዳር ተቀምጦ ውሃውን ያያል።

ጥር መግቢያ ላይ ንዳድ ያዘው። ደገኛን ቆላ ቶሎ ይጥላል። በአራተኛው ቀን መቆም አቃተው፣ በስድስተኛው ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አባቴን እጁን ይዞ፣ «ወደ ደጋ አውጣኝ» አለው። «እዚህ አፈሩ አያውቀኝም።»

አባቴ በቅሎ ፍለጋ ወጣ። ኮምቦልቻን ከዳር ዳር አዳረሰ፤ አንድ የሚከራይ በቅሎ አልተገኘም። ዘጠኝ በቅሎ የነበረው ሰው አንድ አጣ። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ለካሚዮን እጁን አወጣ። ሁለት ካሚዮን መጣ፣ ሁለቱም ወታደር የጫነ ነው፤ አቧራቸውን ለቀውበት አለፉ። ሆጤ ቢሆን ኖሮ ቅሬ የምንለው የሰፈር እድር ነበረልን። ሰው ሲታመምም ሲሞትም ለፋፊው አንድ ጊዜ ከጮኸ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ይወጣል፤ እስላም ነው ክርስቲያን ነው የሚል የለም። ኮምቦልቻ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ነው። ጎረቤት ነበረን፣ ቅሬ አልነበረንም። የሚያስፈልገን ሁሉ በገንዘብ ስለሚገኝ ማንም አላሰበውም።

አባቴ በየደጃፉ እየቆመ ለመነ። ሦስት ሰዎች እሺ አሉት፤ ሦስቱም ሥራ ፈትተው እዚያው የቀሩ ናቸው። የሚከፍላቸው እንደሌለ ሲነግራቸው አንደኛው የየጁ ሰው፣ «አብሽር፣ አይዞህ። እኛስ ብንታመም ማን ሊያነሳን ነው?» አለው።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ከአዲሱ ረድፍ ሁለት ማገር ነቅለው፣ በጠፍርና በብርድ ልብስ ቃሬዛ ሠሩ። እኔ የውሃ ቅል ይዤ ተከተልኩ፤ እናቴ ቀረች። መንገዱ እንዴት ያማረ ነበር! ጠጠሩ የተደለደለ፣ ጠርዙ በጥርብ ድንጋይ የታሰረ። ግማሹን እነዚሁ የሚሸከሙት ሰዎች ናቸው የሠሩት። ሐረጎ ድረስ ስንወጣ አንድም ካሚዮን አላለፈንም፤ በዚያ ሰፊ መንገድ ላይ ብቻችንን ነበርን።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንድ የወይራ ዛፍ ሥር አሳረፉት። አባቴና የየጁው ሰው የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሊሰግዱ ፈንጠር አሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ውሃ ፍለጋ ወረዱ። ከአያ ጋር ብቻችንን ቀረን። ከንፈሩን በውሃ አራስኩለት። ያን ጊዜ ካልነገርኩት መቼም እንደማልነግረው አወቅሁ።

«አያ» አልኩት፣ «በግንቦት ከቤትዎ መልእክት መጥቶ ነበር። ለእኔ ነው የተነገረኝ። አልነገርኩዎትም።»

ዓይኑን ከፍቶ አየኝ።

«ደርሶኛል» አለ። «ሌላ ሰው ነግሮኛል። የቀረሁት እኔው ነኝ። አንቺ ልጅ፣ በዚህ እንዳትቃጠይ።»

አልደረሰውም ነበር። በሐምሌ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ያለውን ሰምቻለሁ። እየሞተ ነው የዋሸልኝ። እጁን ሳምኩት፣ እሱም ጭንቅላቴን ሊነካ ሞከረና እጁ ወደቀበት። አባቴ ከስግደቱ ሲመለስ እያለቀስኩ ነበር፤ የአያ ሕመም ስለጸና መስሎት ብርድ ልብሱን አስተካክሎ አለበሰው።

ደሴ ከመታየቷ በፊት አረፈ። ድምፅ አላሰማም። ከኋላ የያዘው ሰው፣ «ሸክሙ ከበደኝ» አለ፤ ቆሙ፣ አወረዱት፣ አባቴ ጆሮውን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያም ቀና ብሎ፣ «ተነሱ፣ እንሂድ» አለ፣ የቃሬዛውን ጫፍ መልሶ ይዞ። ከኮምቦልቻ ጀምሮ የቀየረው ሰው የለም፤ ትከሻው ላይ ሸሚዙ በደም ተጣብቆ ነበር።

ሆጤ ስንገባ ለፋፊው ጮኸ። ሁለት ዓመት በደስታም በሐዘንም የቀረንባቸው ሰዎች ወጡ። የት ነበርክ ያለው የለም። አባቴን ለማን ነው የምትገነባው ብለው የጠየቁት እኒያ ሼህ ሳይቀሩ መጥተው፣ «አላህ ያጽናህ» አሉት። በማግስቱ ወንዱ ተፈራርቆ ተሸክሞ ኩታበር አደረሰው፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ሄድኩ። ቀብሩ ቤተ ክርስቲያን ነበርና አባቴ እስከ ቅጥሩ በር ተሸክሞ፣ እዚያ ላይ ማገሩን ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀብሩ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሳም።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ፣ አባቴ ወደ አያ ሚስት ሄዶ አጠገቧ ተንበረከከ። ቀጭን፣ ፊቷ በለቅሶ የተላጠ ሴት ናት። ልጇ፣ እኩያዬ የምትሆን፣ ከጎኗ ተቀምጣለች፤ ያኔ ግን የአክስቶቿ ዋይታ የአባቴን ቃል ያሰማት አይመስለኝም።

«መልእክትሽን የያዝኩት እኔ ነኝ» አላት። «ደርሶኝ ነበር። ሥራዬ እንዳይጓደል ብዬ አስቀረሁት።»

ትጮኻለች፣ ታባርረዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየችና፣ «መልስ ሲጠፋ እኔ ረገምኩት» አለች። «ታቦቱ ፊት ቆሜ፣ ‹እንግዲህ አይመለስ› አልኩ። መልእክቱ ሳይደርሰው ነው ለካ የረገምኩት።» አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም።

ኮምቦልቻን ለቀቅን። ቤቱን የሚገዛ ስለጠፋ አባቴ ቆርቆሮውን ነቅሎ ሆጤ አመጣውና ከጓሮ ከመረው፤ እዚያው ዝጎ አለቀ። አንዲት አህያ ገዝቶ በርበሬና ጨው መነገድ ጀመረ፤ ድሮ ከኋላው ሦስት ጫኝ የሚያስከትል ሰው አህያዋን ራሱ እየነዳ። ኑሯችን ጠበበ። በዚያ ዓመት ከሰፈራችን በቀን ሁለት ጊዜ የሚበላ ቤት ጥቂት ነበር። ሰዉ ግን እንደገና ተያየ። እህል ያለው ለሌለው በቁና ያበድራል፣ አንዱ ቤት እሳት ሲነድ ሌላው ፍም ይወስዳል። ደህና ዘመን ነበር እያልኩ አይደለም። ሕፃናት ሞተዋል። ለከርሞ የሚል ቃል ግን ከቤታችን ጠፋ፤ አባቴ ከዚያ ወዲያ «ዛሬን ያሳድረን» ነበር የሚለው። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ኩታበር ይወጣል፤ ማረስ ስለማያውቅ ከአያ ማሳ ድንጋይ ይለቅማል፣ አረም ያርማል፣ ሴትየዋ የምትሰጠውን ቆሎ በልቶ ይመለሳል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ እሷም ቤት እህል አነሰና ልጅቱን ወደ እኛ ላከቻት። እናቴ፣ «ያለንን እንካፈላለን» ብላ ተቀበለቻት። ጥጥ እየፈተልን ለሸማኔ እንሸጥ ነበር። በአንድ መደብ ላይ እንተኛለን፣ አንድ ነጠላ እንለዋወጣለን። ለእኔ እህት ሆነችልኝ። የምትስቀው በአባቷ ሳቅ ነው፤ ትከሻዋን ሰብቃ።

አንድ ቀን ጠዋት ጥጥ እየባዘትን ሳለ፣ «አባቴ መንገድ ላይ ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልዋሻት እችል ነበር። አልዋሸኋትም። መልእክተኛዋ ሴት በር ላይ ከመጣችበት ቀን ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት፤ አባቴ ዝም በይ እንዳለኝ፣ ዝም እንዳልኩ፣ ወይራው ሥር ያለኝን።

እጇ ቆመ። ጥጡን ከጉልበቷ ላይ አነሳችና ወደ ቅርጫቱ መለሰችው።

«አባትሽስ ቤት ይሠራ ነበር» አለችኝ። «አንቺን ምን ያዘሽ?»

አባቴን ፈራሁ እንዳልል፣ አንድም ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። እውነቱን ዛሬ ልናገር፦ አያ ቢሄድ ጭቃውን የማቦካው እኔ ነበርኩ።

ለአንድ ሳምንት አላናገረችኝም። ከእናቴ ጋር ትጫወታለች፣ አባቴ ሲመጣ እግሩን ታጥበዋለች፣ ለእኔ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች። አዝመራው ሲደርስ እናቷ ልካ ወሰደቻት። ስትሄድ እናቴን አቅፋ አለቀሰች፣ እኔን ጉንጬን ሳመችና «ደህና ሁኚ» አለችኝ።

በኋላ እዚያው አገሯ አገባች፣ ወለደች። እኔም ዘግይቼ አንድ ሸማኔ አገባሁ። ሰኞ ገበያ ላይ አልፎ አልፎ እንገናኝ ነበር። ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፣ እናትሽ እንዴት ናቸው እላታለሁ፣ ደህና ናቸው ትለኛለች። ከዚያ እሷ ወደ እህል ተራ፣ እኔ ወደ ጥጥ ተራ።